አንድ ሸክላ፣ ብዙ ድምፅ

ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደብረ ታቦር የሠርግ ከተማ ትሆናለች። ቀን ቀን ዳስ ይጣላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበስበዋል። እንዲህ ባለ አንድ ምሽት፣ በአንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ አምስት ሰዎች አንድ ዜማ ደጋግመን ስንሰማ አመሸን። ዜማው አንድ ነው፤ የሰማነው ግን በአራት ዓይነት ድምፅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ጌታ እኅት ልትዳር አራት ቀን ቀርቷታል። ሙሽራ ስትወጣ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው ዜማ እንዳይቀር የታወቀ ነው። ወንድምየው ግን አዲስ ሐሳብ መጣለት፤ ይኸውም አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ የተጫወቱትን በዳሱ ውስጥ አሰምቶ፣ ጎረቤታቸው የሆኑት ሽማግሌ ማሲንቋቸውን ይዘው ከሸክላው ጋር አብረው እንዲጫወቱ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎም፣ «ልጄ፣ ከሰው ጋር መጫወት አውቃለሁ፤ ከሸክላ ጋር ግን ተጫውቼ አላውቅም። እስቲ መጀመሪያ ልስማው» አሉ። ምሽቱም ለዚሁ ሆነ።

በቤቱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ታናሽ ወንድም ነበረ። እርሱ ነገሩን ገና ከመጀመሩ ተቃወመው። «ዜማው ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን የተበላሸ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሙያው እንጂ መቅረጫው አልነበራቸውም» አለ። ይህን አሳብ የሚናገር ወጣት ብዙ ነው። እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ከሸክላው ታሪክ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሸክላው ከየት መጣ?

አቶ ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ብሪታንያ ለትምህርት ሄዱ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን ከተማ በርክሊ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት ሸክላዎች አወጡ። በ1972 ደግሞ በዚያችው ከተማ፣ ወርዚ ሪከርድስ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ ወጣ። ሰባት ዜማዎች አሉት፤ እነርሱም «ሙላቱ»፣ «መስከረም ሲጠባ»፣ «ደወል»፣ «ኩሉን ማን ኳለሽ»፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ» እና «ጭፈራ» ናቸው።

የሸክላው ብልኀት በአጭሩ ይህ ነው። የእኛ ቅኝቶች፣ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የጃዝ ሙዚቃ ግን የሚንቀሳቀሰው በአሥራ ሁለት ድምፅ ነው። አቶ ሙላቱ አምስቱን ዜማ ላይ አኑረው፣ ከሥራቸው የጃዙን ስምምነትና የላቲን አሜሪካን ከበሮ አነጠፉላቸው። ይህ ስልት «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው ነው።

በአዲስ አበባም በኩል ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የሰጠ ነበር። በ1969 አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ይህን አጥር ጥሰው በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ በ1975 አገር ለቀው እስኪወጡ ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን የሚሆኑ ትልልቆችን አሳትመዋል። የአቶ ሙላቱ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው የ1974 ሸክላም የወጣው በእርሳቸው ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ ሸክላዎቹ ለረጅም ዘመን ከገበያ ጠፉ። በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት፣ አራተኛው ቍጥር ለአቶ ሙላቱ ሥራዎች ተሰጠ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ዜማዎቹን «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባቸው፣ በዓለም ላይ ያልሰማቸው ጥቂት ሆነ። በ2017 ደግሞ በለንደን የሚገኘው ስትራት የተባለው አሳታሚ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን እንደ ገና አተመው። ከዚህ ኅትመት አንዱ ዓይነት በሦስት ሸክላ የተሰበሰበ ሲሆን፣ የስቴሪዮውን ቅጂ፣ የሞኖውን ቅጂና በቀረጻው ጊዜ ተሞክረው የቀሩትን ይዟል።

ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ከውጭ አገር የመጣው አጎት በሻንጣው ይዞ የመጣው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ የሸክላ ማጫወቻም አብሮ ነበረ።

አራቱ ድምፆች

ፍርዱ ያለ አድልዎ እንዲሆን አንድ ዘዴ አበጀን። ተማሪው ማጫወቻዎቹን ሁሉ በአንድ ድምፅ ማጉያ ላይ እየሰካ ከተንጠለጠለ ጋቢ ኋላ ተቀመጠ። እኛ ቍጥር ብቻ ይነገረናል። የድምፁ ጉልበትም በሁሉም ላይ እኩል እንዲሆን አስተካከለው። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሰው ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ «የተሻለ ነው» ስለሚል፣ ጉልበቱ ሳይስተካከል የሚደረግ ማወዳደር ከንቱ ነው።

አንደኛው የቆየ ካሴት ነበር። ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ ነው፤ ያኛውም ከሌላ ካሴት። ዜማው ከዝናብ ኋላ እንዳለ ሆኖ ይሰማል። ሽማግሌው ማሲንቋቸውን አንሥተው ጭራውን ወጠሩና ከዜማው ጋር አስተካከሉት፤ ጥቂትም ተጫወቱ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይኸ ነገር አይቆምም። አሁን ከፍ ይላል፣ አሁን ዝቅ ይላል። ማሲንቆዬን ላስተካክል እችላለሁ፤ የሚዋልል ዜማ ግን በምን ይቃኛል?» አሉ።

ሁለተኛው ከአንድ ሙዚቃ ቤት በሚሞሪ ካርድ የተጫነ፣ በስልክ የሚሰማው ነው። ይህ አይዋልልም፤ ሹክሹክታውም ጠፍቷል። በመጀመሪያ ሁላችንም ደስ አለን። ሁለት ጊዜ ስንሰማው ግን አንድ ነገር እንደ ጐደለ ተሰማን። ቫይብራፎን የተባለው በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ድምፁ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ የሚሞት ነው፤ በዚህ ቅጂ ላይ ግን ገና ሳይሞት ይቀበራል። የጸናጽሉም ድምፅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል።

ሦስተኛው ሲነሣ አጎትየው ፈገግ አለ፤ ሸክላው መሆኑን ዐወቀ። ሽማግሌው ማሲንቋቸውን ሞከሩና፣ «ይኸ ከፊተኛው ዝቅ ብሏል» ብለው ጭራውን አላሉት። ግማሽ ድምፅ ያህል ይሆናል። ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ተዘረጋ፤ መሣሪያዎቹ በየቦታቸው የተቀመጡ ያህል አንዱ ከአንዱ ተለይቶ ይሰማል። ይህ የስቴሪዮው ነበር።

አራተኛው የሞኖው ነው። እዚህ ላይ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ አይሉም፤ ሁሉም ከመካከል ይመጣሉ። ለእኛ ጆሮ ወፍራሙ ጊታርና ከበሮው አንድ አካል ሆነው የገፉ መሰለን። ከአምስቱ ሰዎች ሦስቱ ስቴሪዮውን፣ ሁለቱ ሞኖውን መረጥን። ካሴቱንና ስልኩን የመረጠ ግን አልነበረም።

ተማሪው ከጋቢው ኋላ ወጣና ዝም ብሎ ቆመ። «ለካስ እኔ ሙዚቃውን ሰምቼው አላውቅም» አለ። ዕውነቱን ነው። ሙዚቃው የተቀረጸው በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ነው፤ እስከ ዛሬ የተፈረደበት ግን ቅጂው ባመጣበት ጥፋት ነው።

ጥፋቱ ከየት ይገባል?

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የተባለው ቦታ አለ። በ1860ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ነው፤ ታላቁ ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጣ። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ሲፈስ፣ ቅርጹ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ በመድፉ ላይ ይታያል። ሸክላም እንዲሁ ነው። በስቱዲዮ ከተቀዳው ዋና ቴፕ ላይ ድምፁ በመርፌ ይቀረጻል፤ ከዚህ የብረት ማተሚያ ይወጣል፤ ማተሚያውም ትኵስ ፕላስቲክ ይጫናል። አሳታሚው ዋናውን ቴፕ ካገኘ አዲስ ቅርጽ ያወጣል። ቴፑ ጠፍቶ ከአሮጌ ሸክላ ከቀዳ ግን የቀድሞው መርፌ የጫረው ሁሉ ከዜማው ጋር ይታተማል።

በካሴት ላይ የሚመጣው ዋና ጥፋት የፍጥነት ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የስቱዲዮ ቴፕ ግን ብዙ ጊዜ 38 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ቴፑ በዘገመ ቍጥር ትንሿ መንገዳገድ እንኳ በጆሮ ትሰማለች። ሲቀዳ ሞተሩ ደክሞ ከዘገመ፣ በደህና ማጫወቻ ላይ ሲሰማ ዜማው ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ከፍ ይላል። ፍጥነቱ በመቶ 6 ያህል ከጨመረ ዜማው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ሽማግሌው በጆሮአቸው የያዙት ይህንኑ ነው።

በስልኩ ላይ ያለው ጥፋት ሌላ ነው። የሲዲ ድምፅ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተጻፈ ነው፤ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ያህል ይፈጃል። ቦታ ለመቈጠብ ሲባል ይህ ወደ 128 ኪሎቢት ሲጨመቅ፣ አሥራ አንድ እጅ ከሆነው አንዱ ብቻ ይቀራል። ጆሮ አያስተውለውም የተባለው ይጣላል፤ ከተጣለውም ውስጥ ጆሮ የሚያስተውለው አይጠፋም። በዚያ ላይ ቅጂውን «ላጽዳ» የሚል ሰው ሹክሹክታውን ሲያጠፋ የቫይብራፎኑን ጭራ አብሮ ይቈርጠዋል። እንክርዳዱን ሲነቅል ስንዴውን አብሮ እንደሚነቅል ገበሬ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በዘመናችን ብዙ ቅጂዎች ከሌላው ጮክ ብለው እንዲሰሙ ሲባል ዝቅተኛው ድምፅ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍተኛውም አናቱ ይቈረጣል። ይህን ለመረዳት የሚፈልግ የደብረ ታቦር ልጅ በቡሄ ጊዜ ጅራፍ ሲጮኽ በስልኩ ይቅዳውና ይስማው። በሜዳው ላይ ጆሮ የሚሰነጥቀው ድምፅ በስልኩ ላይ እንደ ጭብጨባ ይሆናል። ከዝምታ ወደ ጩኸት የሚዘለው ዝላይ ስለ ጠፋ ነው፤ በሙዚቃም ከበሮ ሕይወቱን የሚያጣው በዚሁ መንገድ ነው።

በትልልቆቹም ቤት ይሳሳታሉ

ይህን የመሰለ ጥፋት የድሃ አገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በዓለም እጅግ ከተወደዱት የጃዝ ሸክላዎች አንዱ የሆነውን የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ያስታውስ። ሸክላው የወጣው በ1959፣ ያሳተመውም በሀብትም በሙያም የታወቀ ኩባንያ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ዋናው የቴፕ መሣሪያ ጥቂት ዘግሞ ነበርና፣ በአንደኛው ገጽ ያሉት ሦስት ዜማዎች ከተጫወቱት ከፍ ብለው ታተሙ። ከሸክላው ጋር ለመለማመድ የሞከሩ ተጫዋቾች መሣሪያቸው አልገጥም እያለ ይቸገሩ ነበር። ስሕተቱ የታረመው በትክክል ከሄደ ሌላ የመጠባበቂያ ቴፕ በ1990ዎቹ እንደ ገና ሲታተም ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዓለም በተሳሳተው ቅኝት ሰማው ማለት ነው።

እንግዲህ ዳግም ኅትመት ሁሉ ንግድ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ማረሚያ ነው። ይሁን እንጂ ዳግም ኅትመትን ከዳግም ቀረጻ መለየት ያሻል። አቶ ሙላቱ በ2025 ያወጡት «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የቀድሞ ዜማዎቻቸውን እንደ ገና የተጫወቱበት ነው። እርሱ የአሮጌው ሸክላ አዲስ ቅጂ ሳይሆን ራሱን የቻለ አዲስ ሥራ ነው፤ ሁለቱን «የቱ ይበልጣል?» ብሎ በድምፅ ጥራት ማወዳደር አባትን ከልጁ ጋር በዕድሜ እንደ ማወዳደር ይሆናል።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

ካሴትን እስካሁን ነቀፍን፤ ውለታውንም መናገር ተገቢ ነው። አቶ ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ፒያኖ ተጫዋች የነበሩ፣ በኋላም በዋሽንግተን ከተማ የኖሩ ሙዚቀኛ ናቸው። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አስማምተው ብቻቸውን የተጫወቱትን በካሴት አወጡ። ዘመናትም አለፉ፤ እርሳቸውም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ግን ያን ካሴት ያገኘው ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሆነው በባሕር ዳር ነው። ባለቤቱን ፈልጎ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በልዩ ልዩ አገሮች ለመጫወት በቁ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በየቤታችን አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠው ካሴት ምናልባት የአንድ ሰው ሥራ የቀረበት ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ መሰማት ይገባዋል። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቆ ማኖር፣ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥም ሳይጨመቅ መገልበጥ፣ የተቀዳበትንም ቀንና ምንጩን ጽፎ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። «ማጽዳቱን» ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ የጠፋ ድምፅ አይመለስምና።

በትንሽ ደመወዝ የሚሰማ ሰው ምን ያድርግ?

ውድ የሸክላ ማጫወቻ መግዛት የግድ አይደለም። ሁለት ቅጂ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ የዜማውን ርዝመት በሰዓት ያወዳድር። 4 ደቂቃ የሚፈጀው ዜማ በሌላው ቅጂ ላይ 14 ሴኮንድ ያህል ካጠረ፣ ፍጥነቱ ተዛብቶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ቀጥሎ ጸናጽሉንና ቫይብራፎኑን እስኪሞቱ ድረስ ይከተል። በመጨረሻም የድምፁን ጉልበት አስተካክሎ፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ይስማ። በደህና የጆሮ ማዳመጫ ይህን ያደረገ ተማሪ፣ በውድ መሣሪያ ከሚመካ ሰው የተሻለ ፈራጅ ይሆናል።

የሠርጉ ቀን

የሠርጉ ጉዳይ ግን ገና አልተቈረጠም ነበር። ሦስታችን የመረጥነው ስቴሪዮውን ነው። ነገር ግን ለዳሱ የተከራዩት ትልቅ ድምፅ ማጉያ አንድ ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ ገመዱም የሚቀበለው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ስቴሪዮን በአንድ ወገን ብቻ ማሰማት ከተጫዋቾቹ ግማሹን ከዳሱ ውጭ ማስቀረት ነው። በሞኖው ላይ ግን ሁሉም በአንድ መስመር ስላሉ የሚቀር የለም። ስለዚህ ድምፁን ያጣነው እኛ ሦስታችን ሆንን፤ ሞኖው አሸነፈ። በሚጨፈርበት ዳስ ውስጥ የሸክላ መርፌ እንደሚዘል ስለ ታሰበም፣ ተማሪው ሸክላውን ሳይጨምቅ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠው።

በሠርጉ ዕለት ሙሽራይቱ ስትወጣ ዜማው ተነሣ፤ ሽማግሌውም በቀስታ ገቡበት። ማሲንቆው ከሸክላው የቱ ጋ እንደ ገጠመ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ተዋሐዱ። ሲያበቃ ወደ ሙሽራይቱ እናት ቀርበን፣ «እትዬ፣ ሸክላው እንዴት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የምን ሸክላ? እኔ የሰማሁት ማሲንቆውን ነው» አሉ።

ተማሪው ቅር ሊለው ሲል ሽማግሌው ክንዱን ይዘው፣ «ልጄ፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አትፈልግ። ቅኝቱ ባይገጥም ኖሮ ሁለቱንም ይሰሟቸው ነበር» አሉት።